አንዴ ብቻ የሚነበብ

ማክሰኞ

ከንፈሯ ተሰንጥቆ ገባች። ደሙ ሸሚዟ ላይ ደርቋል። ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ትሪው ከእጄ አመለጠና ምስሩ ወለሉን ሞላው። «ወደቅሁ» አለች። እሺ፣ ወደቀች። እኔም በጊዜዬ ስንት ቦታ ወድቄያለሁ፤ ደረጃ ላይ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሜዳ ላይ። አንዱ የፊት ጥርሴ የሐኪም ሥራ ነው።

«ሊን፣ ማነው የመታሽ?» አልኳት። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ከንፈሯ ላይ ያዝኩላት። በመጨረሻ አወጣችው። ዌይ ነው፣ ትታው እኔ ቤት የገባችው የቀድሞ ፍቅረኛዋ። የት እንደምትኖር ስለማያውቅ ከተማ መሃል ትራም ማቆሚያ ላይ ጠበቃት። መጀመሪያ በጥፊ፣ ከዚያ በቡጢ። ቦርሳዋን ነጥቆ የምታጠናባቸውን ወረቀቶች ሐዲዱ ላይ በተናቸው። ሰው ሁሉ ስልኩን ሲያይ አንዲት ሴትዮ ብቻ ወረቀት ለቅማ ሰጠቻት።

ዘነዘናዬን ይዤ ሄጄ ጭንቅላቱን እንደ ነጭ ሽንኩርት ልወቅጠው ነበር የፈለግሁት። ይህን የምጽፈው ለማንም ስለማላሳየው ነው።

እኔ ሳለቅስ እሷ ምን ትላለች? «እትዬ፣ እናንብብ።» በዚያ ከንፈር!

ንባባችን እንዲህ ነው። ሊን የኋላውን ክፍል ተከራይታኝ ነው የምትኖረው። ቻይና ባለው ዩኒቨርሲቲዋ የምታጠናው እንግሊዝኛ ነው፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ለአንድ ዓመት የመጣችውም ለዚያው። በሚመጣው ወር አገሯ ገብታ ከባዱን ፈተና ትቀመጣለች። መምህርት መሆን ነው ህልሟ፤ ፈተናውን ካላለፈች ያሰበችው ትምህርት ቤት አይቀጥራትም። አንዱ ክፍል ላይ ረጅም ትምህርት ይነበብላቸዋል፣ እየሰሙ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ከዚያ የጥያቄ ወረቀቱን ባዶ ቦታዎች በእጃቸው ይሞላሉ። አንዴ ብቻ ነው የሚነበበው። ያመለጠ አመለጠ። እኔ ነኝ የማነብላት። የኔን እንግሊዝኛ የሰማ ጆሮ የማንንም ይሰማል ብዬ ስቀልድ፣ ሳትስቅ «እውነት ነው» ትለኛለች።

ዛሬ ስለ ወፎች ፍልሰት አነበብኩላት። ከንፈሯ እንደገና ደማና ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። በመዳፏ ጠረገችና ቀጠለች። ከአንዱ በቀር ሁሉንም ሞላች።

ከከተማው ዳር፣ ሜልተን ላለችው ልጄ ለሳራ ደወልኩ። እኔ በአማርኛ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ሁልጊዜው። «ማም፣ ጀስት ኮል ዘ ፖሊስ» አለችኝ። ሊን ሰምታ ሁለት እጇን አወናጨፈች። ፖሊስ ከገባበት ፍርድ ቤት እጠራለሁ፣ በረራዬ ያልፋል፣ ፈተናው በዓመት አንዴ ነው አለች። እሺ፣ ፖሊስ ቀረ።

ግን እንዲሁ ዝም ይባላል?

ረቡዕ

ጋሼ ታደሰ ደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ መጡ። ሐኪማቸውን አያምኑም፤ ኤጅድ ኬር፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ ስለምሠራ እኔን ያምናሉ። ግፊታቸው ደህና ነው፤ የኔ ነው ከፍ ያለው።

ስለ ሊን ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዳመጡኝ። እኚህ ሰው ታክሲ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ሥራቸው ማስታረቅ ነው። እዚህ ሰፈር ያለ ሐበሻ ባልና ሚስት ግማሹ በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው።

«ልጁ ቤተሰብ የለውም እዚህ?» አሉኝ።

«አጎት አለው መሰለኝ። እንጃ።»

«እንግዲህ ሽማግሌ የሚቆጣው ያጣ ልጅ ነው። እኔ ላናግረው። ተቆጥቼ፣ ይቅርታ አስጠይቄ፣ ሁለተኛ እንዳይደርስባት አስምለው የለ!»

እኔንና የሳራን አባት ደጋግመው ያስታረቁት እሳቸው ናቸው። ያኔ ጥርሴ ወልቆ እንኳ አስታርቀውናል። በግ ታርዷል። ይህን እያወቅሁ «እሺ ጋሼ፣ ይምጡልኝ» አልኳቸው። ለምን? ሰው ሲቸግረው የለመደውን በር ነው የሚያንኳኳው። ሌላ በር አላውቅም።

ከሊን የዌይን ስልክ ቁጥር ተቀበልኩ። «ልታስጠነቅቁት ብቻ?» አለችኝ። «አዎ፣ ልናስጠነቅቀው» አልኳት። ያኔ እውነቴን ነበር።

ሐሙስ

ሺፍቴን ለጓደኛዬ ሰጥቼ፣ ዌይ በስልክ በነገረን አድራሻ፣ ከጋሼ ጋር በትራም ወደ ከተማ ወረድን። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ በዚያ ሙቀት ክራቫት! የሚሄዱት ለሽምግልና ነዋ።

ጭራቅ ጠብቄ ነበር። በሩን የከፈተልን ቀጭን፣ መነጽራም ልጅ ነው። ጫማችንን አስወልቆ አስቀመጠን። ሙቅ ውኃ በብርጭቆ ቀድቶ በሁለት እጁ ለጋሼ ሰጣቸው። ጋሼ እዚያው ወደዱት። «አየሽ አስተዳደጉን!» አሉኝ በአማርኛ።

ጋሼ ተቆጡት። በዚያ ዝግ ባለ እንግሊዝኛቸው፣ ሴት መምታት የፈሪ ሥራ ነው አሉት። አለቀሰ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ። እወዳታለሁ አለ። ስለምወዳት ነው አለ።

የመኝታ ቤቱን በር አየሁት። ወገብ ከፍታ ላይ ተቦርቡሮ በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ። እኛም ቤት ነበረ እንዲህ ያለ፤ ካላንደር ሰቅዬበት ነበር። አይቼ እንዳላየሁ ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

እርቅ በቃል ብቻ አያልቅም አሉ ጋሼ፤ ፊት ለፊት ተገናኝተው፣ አንድ ገበታ ቀርበው፣ ከአንድ ሳህን መብላት አለባቸው። «ቅዳሜ ምሳ እሷ ቤት» አሉ እኔን እያሳዩ። ዌይ ስልኩን አወጣና አድራሻ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። በገዛ አፌ፣ መንገዱን፣ የቤት ቁጥሩን፣ የትኛው ትራም እንደሚያመጣው ሳይቀር። ጋሼም የራሳቸውን ስልክ ጨመሩለት።

ስንመለስ ጋሼ ደስ ብሏቸው ትራም ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዓርብ

ለሊን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እዚህ ይመጣል?»

«ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ይቅርታ አልፈልግም። እሱ የማያውቀው ቤት ነበር የምፈልገው።»

ልክ ናት። ልክ ስለሆነችም ጮህኩባት። ለአንቺ ብዬ ሺፍቴን ትቼ፣ ሽማግሌ በሙቀት አንከራትቼ፣ የእናትሽን ያህል አስቤልሽ! እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ስጨርስ «ቤቱ ያንቺ ነው» አለችና ክፍሏ ገባች። ቀጥሎ ጠረጴዛ ሲጎተት ሰማሁ። በሯን ደግፋበታለች።

ንባብ የለም ዛሬ። ለነገው ዶሮ ሽንኩርቱን ከተፍኩ። ዓይኔ ፈሰሰ፤ በሽንኩርት ብቻ አልነበረም። ምሳው ይቅር ብዬ ለጋሼ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ሽማግሌ ጠርቶ መልሶ ማስቀረት ነውር ነው። ስልኩን አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ

ሆስፒታል። ሊን ራጅ ልትነሳ ገብታለች። ጋሼን እየሰፏቸው ነው። አሁን መጻፍ አልችልም። የኔ ጥፋት ነው። ሌላውን ነገ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሁሉንም ልጻፈው፣ አለበለዚያ ያፈነዳኛል።

ብርቱካን ይዞ መጣ። ጋሼ ቆመው መረቁ። ሊን ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከትሪው አንድ ጉርሻ እንኳ አላነሳችም። ዌይ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ «በይ ልጄ፣ ይቅር በይው» አሉ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ሊን ጠረጴዛውን እያየች «ይሁን» አለች። ጋሼ አጨበጨቡ። አለቀ ብዬ የዶሮውን ድስት ላነሳ ብድግ አልኩ።

ዌይ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረና «ታዲያ ዕቃዋን ዛሬ እንውሰድ?» አለኝ።

እሱ እርቅ ማለት ተመልሳ መግባት ነው ብሎ ነው የመጣው። ምን ልበል? እኛስ ጋ ሌላ ምን ነበር? እኔንስ አስታርቀው የት ነበር የመለሱኝ?

ሊን «አልመለስም» አለች። ድምፅዋ አልተነሳም። ሳምንቱን ሁሉ ምናልባት ይህን ስታጠና ነበር።

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ሳህኑ ተሰበረ። ወጡ ተደፋ፤ የቱ ወጥ የቱ ደም እንደሆነ አልለየሁም። እየጎተተ ወደ ጓዳው በር ወሰዳትና ቀኝ እጇን በሩና መቃኑ መካከል ከትቶ በሩን ወረወረው። እንደገና ከፍቶ እንደገና ወረወረው። «ተፈተኚ! በዚህ ተፈተኚ!» ይላል። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ካሮት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ነው፤ ከአሁን በኋላ ካሮት አልሰብርም።

ጋሼ መሃል ገቡ። «ተው ልጄ፣ ተው» እያሉ፣ በአማርኛ። በክርኑ ደረታቸውን አላቸውና የምድጃው ጠርዝ ላይ በጭንቅላታቸው ወደቁ።

ያኔ ዘነዘናው እጄ ላይ ነበር። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ትከሻውን መታሁት፤ ወደቀ። መነጽሩ ወለቀ። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ይንሰቀሰቅ ነበር፤ ልክ እንደ ሐሙሱ። ደገምኩት። ወድቆ ሳለ መታሁት። አየሁ፣ አሰብኩ፣ መታሁ። የሳራን አባትም በዚያው ዱላ መታሁ መሰለኝ፤ ደስ እያለኝ ነበር። ሦስተኛውን ሳነሳ ሊን ጮኸች።

«ይበቃል! እትዬ፣ ይበቃል!»

በአማርኛ። ከእኔ የተማረችው ቃል ነው፤ ሳህኗ ላይ ምግብ ስደራርብባት የምትለው።

ዘነዘናውን ጣልኩት። ጎረቤቴ ፖሊስ ጠርቶ ኖሮ ወዲያው ደረሱ። ሊንን «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት ወደቅሁ አላለችም። ሁሉንም ተናገረች፤ በዚያ ጥርት ባለ እንግሊዝኛዋ፣ አንድም ቃል ሳትስት። እኔን ስንቴ መታሽው ሲሉኝ «አንዴ» አልኩ።

ሰኞ

የሊን ሁለት ጣቶች ተሰብረዋል፤ አመልካችና መሃለኛው። በብረት ተደግፈው ታስረዋል። እስክሪብቶ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሐኪሙን መቼ ይፈታል አልኩት። ምናልባት ከፈተናው በፊት፣ ምናልባት በኋላ አለኝ። ምናልባት የሚለውን ቃል ጠላሁት።

ጋሼ ጭንቅላታቸው ተሰፍቷል። ዌይ ትከሻው ተሰብሯል፤ ወደ እሷ እንዳይጠጋ ታዞ አጎቱ ዘንድ ተለቋል። ተለቋል!

አንድ ደህና ነገር፦ ፖሊሷ ለሊን ለፍርድ ቤቱ ከአገርሽ ሆነሽ በስክሪን መናገር ትችያለሽ አለቻት። በረራዋ አያልፍም። ይህን ማክሰኞ ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ ማክሰኞ ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ሽማግሌ ጠራሁ።

ሳራ መጥታ ወለሉን አብራኝ አጠበች። ስትጨርስ «ዩ ጌቭ ሂም ዘ አድሬስ፣ ማም» አለችኝ። አድራሻውን የሰጠሽው አንቺ ነሽ ማለቷ ነው፤ ተናድዳ እንደሆን ላውቅ ፊቷን ባየው ታለቅሳለች። ጓዳው በር ላይ የቀረውን ደም በብሩሽ ብፈትግም አልለቅ አለ።

ሊን ከሆስፒታል ከመጣች አላናገረችኝም። በግራ እጇ ሻንጣዋን አዘጋጅታ በሩ አጠገብ አቁማዋለች። እዚህ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቦታ ይፈልግላታል አሉ። ልክ ነው። እኔም ብሆን ከእኔ እሸሽ ነበር።

ማክሰኞ

ጋሼ ታደሰ ጭንቅላታቸው እንደታሰረ መጡ። ኮፍያው አልገባ ብሏቸው በእጃቸው ይዘውታል። ሻይ አልፈልግም አሉኝ። ከባድ ነገር ሲኖራቸው ሻይ አይፈልጉም።

የዌይ አጎት ደውሎላቸዋል። ሊን ክሷን ብትተው ልጁም አይከሰኝም አለ። ወድቆ ሳለ እንደመታሁት ልጁ ለአጎቱ ነግሮታል።

«ሥራሽን አስቢ» አሉኝ ጋሼ። «አረጋውያን የምትጦሪ ሰው ወንጀል ከተገኘብሽ ያስቀሩሻል። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። ልጅቷን ልለምናት?»

እግዜር ይይልኝ፣ እሺ ልል ነበር። አፌ ተከፍቶ ነበር። ከዚህ ሥራ ሌላ ምን አለኝ? የኔስ መሽቷል፤ እሷ ወጣት ናት፣ አጥንቷ ይጠግናል፣ ከሳምንታት በኋላ አገሯ ናት፣ ምን ይጎዳታል... እንዲህ ሆኖ ነው የሚጀምረው። እኔንም ያስታረቁኝ ክፉዎች አልነበሩም። «ልጅሽን አስቢ» ነበር የሚሉኝ።

ሊን ከክፍሏ ወጣች። ስሟን ሰምታለች። «ምን አሉ?» አለችኝ። በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ናት። አሳምሬ ልመልሰው እችል ነበር። እንዳለ መለስኩት፤ የኔን ሥራ ሳይቀር።

ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ለጋሼ ቀስ ብላ፣ እንዲገባቸው ቃል ከቃል እየለየች ነገረቻቸው። «አንዴ ጠየቃችሁኝ፣ አንዴ እሺ አልኩ። ሁለተኛ አላዳምጥም።» ጎንበስ ብላ፣ በአክብሮት፣ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ጋሼ ለመቆጣት አልሞከሩም። ኮፍያቸውን አገላበጡት። የጓዳውን በር፣ ያልለቀቀውን ደም አዩት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያኔ ሳስታርቃችሁ... አንቺም አልመለስም ማለት ፈልገሽ ነበር?»

«ሁልጊዜ፣ ጋሼ።»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቁኝም።»

ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። አላለቀሱም። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ክንዴን ያዙ፤ የልጄ አባት እንኳ እንዲህ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም። ለአጎትየው እምቢ አለች እለዋለሁ ብለው ሄዱ። ከመስኮት አየኋቸው፤ ትራም ማቆሚያው ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመዋል።

ረቡዕ

ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቃሌን ላስተካክል ነው አልኩ። አንዴ አይደለም የመታሁት፤ ሁለቴ ነው፤ ሁለተኛውን ወድቆ ሳለ፤ ሦስተኛውን ሊን ባትጮህ እመታው ነበር። ወጣቷ ፖሊስ ቀና ብላ አየችኝና ለምን አሁን አለችኝ። ማንም በዚህ እንዳያስፈራራን ነው አልኳት። የገባት አልመሰለኝም። እንጠራሻለን አለችኝ። ሥራ ቦታም ደውዬ ነገርኩ፤ እስኪጣራ ሺፍት አይሰጡኝም። አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

ቤት ስገባ ሻንጣው በሩ አጠገብ እንዳለ ነው። ሊን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣለች፤ ግንባሯ የተላተመበት ጠረጴዛ። ንጹሕ ወረቀት ፊቷ አለ። እስክሪብቶው ግራ እጇ ላይ ነው።

ጣቢያ ሄጄ የተናገርኩትን ነገርኳት። አሰበችበት። ጥሩ አላለች፣ መጥፎ አላለች። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ የታሰረውን እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችኝ።

«እትዬ፣ አንብቢ» አለች።

ስለ አሮጌ ድልድዮች የሚያወራ ነበር። ቶሎ አላነበብኩም፣ አላዘገየሁምም፤ እንደ ፈተናው። ግራ እጇ ፊደል እንደሚለምድ ሕፃን እጅ ይንጋደዳል። አንዱን ቃል ሳትጨርስ እኔ ሌላው ላይ ነኝ። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ላብ ከግንባሯ ቁስል አጠገብ እየወረደ ትሮጣለች። ልቆምላት ፈለግሁ፤ አልቆምኩም። ጨረስኩ።

ግማሹ ባዶ ነው። ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ድገሚልኝ አላለችም። እኔም አልደገምኩም።

«ነገ ሌላ» አለችና ወረቀቱን ገለበጠችው።